ሸክላ ሠሪዋና የሐርቡው ሕፃን

ኮምቦልቻ ከፋብሪካ ፈረቃ ስወጣ ነው ወታደሮች የያዙኝ። አንድ ስብሰባ ላይ ዝም ማለት አቅቶኝ ነበር፤ አፌ መቼም ጠላቴ ነው። የሐረጎን ዳገት ስንወጣ ጉሙ መኪናውን ዋጠው፤ መንገዱም ወታደሮቹም ጠፉብኝና ሰማይ ላይ የምንሄድ መሰለኝ። ደሴ ስንደርስ አንድ የድሮ መጋዘን ከፍተው አስገቡኝ። ጉሙ በላይኛዋ መስኮት ተከትሎኝ ገባ። ውስጥ የተቀመጡት ሴቶች አንዴ ይታያሉ፣ አንዴ ይጠፋሉ።

«ምንድን ነው ሥራሽ?» አሉኝ አንዲት ከቦሩ ሜዳ የመጡ የቄስ ሚስት።

የፋብሪካ ሠራተኛ ነኝ ስላቸው ከላይ እስከ ታች አዩኝ። የፋብሪካ ሴት ሲባል ሰው የሚያስበውን አውቀዋለሁ። «አይዞዎት፣ ባልዎን አልወስድብዎትም» አልኳቸው። ከጥግ አንዲት ሴት ሳቀች፤ ወዲያው ግን አፏን በነጠላዋ ሸፈነች።

ሸክላ ሠሪ ናት። ለታጣቂ ውሃ ሰጥተሻል ብለው ከገበያ ነው ያመጧት። እቤት የምትጠባ ልጅ ትታለች፤ ጡቷ እያጋተ ሲያስቸግራት ዞር ብላ ጨርቅ ላይ ታልበዋለች። ምግብ ሲመጣ ማንም ሳይነግራት ፊቷን ወደ ግድግዳ ታዞራለች። ቡዳ ናት፣ ዓይኗ ያረፈበትን ትበላለች ይሏታል። ከሐርቡ ባሏን ፈልገው ሲያጡት እሷን ከነልጇ ያመጧት ሴት ደግሞ፣ ሸክላ ሠሪዋ ቀና ባለች ቁጥር የሕፃኑን ፊት በሻሿ ትከልለዋለች።

ቀን ቀን እንቅልፍ ይጥለን ነበር። ሸክላ ሠሪዋ ተኝታም እጇ አያርፍም፤ አየር ላይ የእንስራ አንገት ታዞራለች። እኔም በሰመመን እንስራው ከእጇ ወጥቶ ጉሙ ውስጥ ሲንሳፈፍ አይ ነበር።

አንድ ጠዋት የሐርቡዋን ለምርመራ ጠሯት። «ልጁ ይቅር» አላት ወታደሩ። ለቄሱ ሚስት ሰጥታ ወጣች።

ጉሙ ተገፈፈ፣ ፀሐይዋም መስኮቷን አለፈች፤ እሷ ግን አልተመለሰችም። ሕፃኑ አልቅሶ አልቅሶ ድምፁ ሰለለ። ወተት እንዲያመጡ በሩን ደበደብኩ። «እናቱ ስትጨርስ ትመጣለች» አለኝ ጠባቂው ከውጭ። የቄሱ ሚስት ስኳር በውሃ በጥብጠው ቢያልሱት አስመለሰው። ኋላ ማልቀሱንም ተወ። የፈራሁት ያኔ ነው።

ሸክላ ሠሪዋ ግድግዳውን እያየች ታለቅሳለች። የሕፃኑን ልቅሶ ስትሰማ ወተቷ ፈሶ ቀሚሷ እስከ ወገቧ ርሷል።

«እማማ፣ ልጁን ይስጡኝ» አልኩ።

«ለማን ልትሰጪው?»

«ጡት ላላት።»

«ኧረ ትበላዋለች! እናቱ ስትመጣ ምን ልላት ነው?»

«እስከዚያ ከሞተስ ምን ይሏታል?» ብዬ ከእጃቸው ወሰድኩት።

ሸክላ ሠሪዋ አፈገፈገች። «ተይኝ እህቴ። ነገ ቢያስነጥሰው እንኳ በኔ ነው።»

«በኔ ይሁን» አልኩና ጭኗ ላይ አስቀመጥኩት። መያዝ አቃተው። ከንፈሩ ላይ ጠብ ጠብ አደረገችለት፤ ከዚያ ያዘ። ሲውጥ ጉሮሮው ይሰማናል። የምታጠባው ዓይኗን ጨፍና ነበር፣ እንዳታየው ብላ። አንጀቴን በላችው።

እናቱ የተመለሰችው ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ነው፤ ታነክሳለች። ልጇን ሸክላ ሠሪዋ ጭን ላይ ተኝቶ አየችው።

«አጠባችው። እኔ የለሁበትም» አሉ የቄሱ ሚስት።

«የሰጠኋት እኔ ነኝ፤ ጠብሽ ከኔ ጋር ነው» አልኩ።

እናቱ ተንበርክካ የልጇን ሆድ ዳሰሰች። «ጠገበ?» አለች።

«ደጋግሞ ጠባ» አለች ሸክላ ሠሪዋ፣ አሁንም እንደጨፈነች።

«እቤት የተውሽው ሴት ነው ወንድ?»

«ሴት ናት።»

«እንግዲያ እህቱ ናት። በእኛ ዘንድ አንድ ጡት የጠቡ አይጋቡም። ሲያድጉ እንንገራቸው፣ ወላሂ ኋላ ጉድ እንዳይሆን።»

የቄሱ ሚስት አማተቡ። «ወይ ጉድ! ድሮስ ከሸክላ ሠሪ ልጅ ማን ሊያጋባው ኖሯል?»

«ዛሬማ አይሆንም እማማ፤ ወንድሟ ነው» አለች የሐርቡዋ። በተረፈችን ትንሽ ውሃ ውዱእ አደረገች። ሕፃኑ ሲነቃ ሻሿን ወደሱ አልዘረጋችም። ለሸክላ ሠሪዋ «ያዢልኝ፣ ልስገድ» አለቻት። «ዓይንሽንም ግለጪ። ይይሽ እንጂ።»

ሸክላ ሠሪዋ ዓይኗን ገለጠች።

ከተፈታን ቆይተናል። የቄሱን ሚስት አንዴ ደሴ ቧንቧ ውሃ ሰፈር አግኝቻቸው ነበር። ቡዳ የለም አይሉም፤ «እሷ ግን አይደለችም» ይላሉ። ለእሳቸው ይህም ብዙ መንገድ ነው፤ ደስ ብሎኝ ጉንጫቸውን ሳምኳቸው። ሸክላ ሠሪዋም ገበያ ስትወጣ ልጇን ሐርቡ፣ የሕፃኑ እናት ቤት ነው የምታውላት።

ልጁ ዘንድሮ ትምህርት ቤት ገብቷል። ባለፈው እናቱ ደወለችልኝ፤ ከሰፈር ልጅ ጋር ተደባድቦ ግንባሩን ተፈንክቶ መጣ አለች። «እህቴን ቡዳ አላት ነው የሚለኝ። ልግረፈው ወይስ ልሳመው?»

እንባዬ መጣ።

«መጀመሪያ ደሙን እጠቢለት» አልኳት።

«እሱንማ እህቱ እያጠበችለት ነው» አለችኝ።