የሁላችን ከረባት

ካርቱም ዳር ሶባ በምንኖርበት ግቢ አንድ ከረባት ነበረን። ነበረን ስል የሁላችንም ማለቴ ነው። በሩ አጠገብ ሚስማር ላይ ተሰቅሎ ይውላል። ቀይ ነው፣ ጫፉ ላይ የሻይ ነጠብጣብ አለው። ያሰረው ከኛ ሁሉ ቀድሞ ካርቱም የገባ፣ ድሮ ጎንደር የመንግሥት ሠራተኛ የነበረ ሰው ነው። ወደ ሌላ አገር ሲሻገር እንደታሰረ ትቶልን ሄደ። ከኛ መሀል ከረባት ማሰር የሚያውቅ ስላልነበረ ሕጉ አንድ ብቻ ሆነ፦ አላልተህ በጭንቅላትህ ታጠልቃለህ፣ ስትጨርስ አላልተህ ታወጣለህ፣ ግን አትፈታውም። ሚስት የሚያጭ፣ ለእናቱ ፎቶ የሚልክ፣ ክርስትና የሚያነሳ ሁሉ በተራው ያጠልቀዋል። የግቢው ወንድ ሁሉ ላብ እዚያ ቋጠሮ ውስጥ አለ።

እኔ ከረባት አልወድም። በካርቱም ፀሐይ አንገቱን በጨርቅ አንቆ የሚሄድ ሰው ሳይ ያናድደኛል። የአገሩ ሰው ጀለቢያውን ለብሶ ነፋስ ያስገባል፤ ከረባት የሚያስረው ባንክ የሚሠራና የሚሞሸር ነው። እኔ ደግሞ ሱቅ ዐረቢ ገበያ ዐታላ ነኝ፣ የሽንኩርት ጆንያ ከጭነት መኪና እያወረድኩ መጋዘን የማስገባ ተሸካሚ። በዚህ ሥራ አንገት የሚያገለግለው ለጆንያ ማሳረፊያ ነው።

ዘመዶቼ አገር ቤት ልጅ ሲያጩልኝ ፎቶ ላክ አሉኝ። ሱቅ ዐረቢ ካለ ፎቶ ቤት ገባሁ። ኮቱ የፎቶ ቤቱ፣ ከረባቱ የግቢው፣ የኔ የሆነው ፊቴ ብቻ ነበር። የልጅቷ አባት ጡረታ የወጣ የትምህርት ቤት ዳይሬክተር ነው። በዚያች ትንሽ ከተማ ጡረታ ወጥቶም ከረባት አስሮ ገበያ የሚወጣ እሱ ብቻ ነው አሉ። ፎቶዬን መነጽሩን አድርጎ ሲመረምር ቆይቶ፣ "አንገቱን ያሰረ ሰው ቃሉን አይፈታም" ብሎ ፈቀደ። ሥራዬን ሲጠይቅ ዘመዶቼ ትልቅ መጋዘን ውስጥ ነው የሚሠራው ብለው መለሱለት። መጋዘኑ በእርግጥ ትልቅ ነው።

ሚስቴ በመጣች በሳምንቱ፣ እሁድ ዕለት፣ ጎረቤታችን ክርስትና ሊያነሳ ከረባቱን አጥልቆ ሲወጣ በር ላይ ተገጣጠሙ። ቆማ አየችው። ከዚያ ዞር ብላ እኔን አየችኝ። እኔ ጫማዬን የማስር መሰልኩ። ምሳ ላይ እጄን ስታስታጥበኝ መዳፌን ገልበጥ አድርጋ አየችውና፣ "አባባ እንዳይሰማ" አለች። ያን ቀን ብትሰድበኝ ኖሮ ይቀለኝ ነበር።

ቆይታ እሷም አል-ጣኢፍ የሚባል ሰፈር ሰው ቤት ሥራ ገባች። ማለዳ በሐፍላ፣ በከተማው አውቶቡስ፣ ተሳፍራ፣ ያን ሁሉ መንገድ ቆማ ሄዳ፣ የሰው ወለል ስትወለውል ትውላለች። ፋሲካ ሲደርስ ግን ለአባቷ ፎቶ እንልካለን። ከረባቱን እሷ ታጠልቅልኛለች፣ በበረኪና በተላጠ ጣቷ ቋጠሮውን ወደ ላይ ታስጠጋዋለች፣ ጎረቤት ስልኩን ይይዝልናል፣ ፈገግ እንላለን። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ ሆነ ኑሯችን። አባቷም ይደውላል። ልጄ፣ እዚያ ሙቀቱ አይጣል ነው ይላሉ፣ አንዳንዴ እንኳ ከረባቱን አውልቀው እንጂ፣ አለቆችህ አይቆጡህም ይለኛል። በስልክ እንደማያየኝ እያወቅኩ አንገቴን እደፋለሁ።

የፈሩት ይደርሳል እንደሚባለው፣ ነገሩ በታናሽ ወንድሟ በኩል መጣ። ወንድሟ እዚያው ከተማቸው አስተማሪ ነው። ደመወዙ ጉሮሮ ባያረጥብም የራሱ ክፍል፣ የራሱ ጠመኔ ያለው ሰው ነው። አንድ ቀን አባቷ ደወለና ሲያስብበት የቆየውን ነገረኝ። አንተ ቢሮ ውስጥ እያለህ ልጁ እዚህ ለምን ይጉላላል? ማስተማሩን ይተውና ከጎንህ አስገባው አለኝ። የኔ ፎቶ አንድን አስተማሪ ከጥቁር ሰሌዳው ፊት ነቅሎ በመተማ በኩል ሊያመጣው ነው። ሚስቴ ስትሰማ አለቀሰች። እኔ አልችልም፣ አንተው ንገረው አለችኝ።

በአፌ መናገር አቃተኝ። ፈሪ ነኝ፣ ይህን አላሳምረውም። ሥራ ቦታ ስልኬን ለጓደኛዬ ሰጠሁትና ጆንያው አንገቴ ላይ እንዳለ፣ ሸሚዜ በላብ ተጣብቆ፣ አቧራ እንደለበስኩ አነሳኝ። ተቆጣጣሪያችን አይቶን፣ "ያላ፣ ያ ሙዲር" ብሎ ሳቀ፤ ሥራ አስኪያጁ ሆይ ቶሎ በል ማለቱ ነው። ፎቶውን ለሚስቴ ወንድም ላክሁለትና ከሥሩ ሥራዬ ይህ ነው፣ ለአባባ አሳይልኝ ብዬ ጻፍኩ። ያን ቀን ጆንያው ሁሉ ቀለለኝ። ምሳዬንም አጣጥሜ በላሁ።

በማግስቱ አባቷ ደወለ። ስድቡን ለመቀበል ግድግዳ ተደግፌ ተዘጋጀሁ።

"ልጄ፣ መቼ ነው ከሥራ ያስወጡህ?" አለኝ።

ማንም አላስወጣኝም ብዬ ጀመርኩ። አላስጨረሰኝም። ወንድ ልጅ ይወድቃል ይነሳል፣ ከረባትህን አስወልቀው ጆንያ እንዳሸከሙህ አይቼ እንቅልፍ አልወሰደኝም አለ። ከመጀመሪያው ጀምሬ፣ የግቢውን ሚስማር ሳይቀር፣ አፍረጥርጬ ነገርኩት። በትዕግሥት ሰማኝ። ስጨርስ ድምፁ የታመመ ሰው እንደሚያጽናና ሰው ድምፅ ነበር።

"ኀፍረት ነው እንዲህ የሚያናግርህ" አለኝ። "ፎቶዎችህ ሁሉ እኮ ግድግዳዬ ላይ ናቸው። አይዞህ፣ ብቻህን አትወድቅም። ወንድምህ እንዲያግዝህ ዛሬ ጠዋት ተሳፍሯል።"

የወንድሟን ስልክ ደጋግሜ ሞከርኩ፤ አይጠራም። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይላሉ። እኔ ግን ዓመታት ሙሉ እያደርኩ ያደፈረስኩትን እውነት በመጨረሻ ሳወጣው የሚያምነኝ አጣሁ። እንዲያውም ልጁን ቶሎ ያስነሳው ያ የላክሁት ፎቶ ሆነ። ዝም ብል ኖሮ አባቱ ገና ሲያስብበት ይቆይ ነበር።

የሚስቴ ወንድም ሱቅ ዐረቢ ከአውቶቡስ ሲወርድ አቧራ በአቧራ ሆኖ፣ ከንፈሩ ደርቆ ነበር። አንገቱ ላይ ግን ጥቁር ሰማያዊ ከረባት አለ። በዚያ በረሃ ሁሉ እንዳሰረው ነው የመጣው። እኔን ሲያይ ሮጦ መጥቶ አቀፈኝና ከረባቱን በጭንቅላቱ አውልቆ ለኔ አጠለቀልኝ።

"ጋሼ፣ አባባ ራሱ ነው ያሰረው" አለኝ። "ለጋሼህ እስክታደርስ እንዳትፈታው ብሎኛል። ሌላ ሥራ ስትጠይቅ ያስፈልግሃል።"

"እሱስ?" አልኩት። "እሱ ምን ሊያስር ነው?"

"እኔ ጡረተኛ ነኝ፣ ከእንግዲህ የት እሄዳለሁ አለ።"

ዐታላ ጓደኞቼ ጆንያቸውን እንደተሸከሙ ቆመው ያዩን ነበር። አንዱም አልሳቀም።

ወደ ሶባ በሐፍላ ስንሄድ ሁሉንም ነገርኩት። በመስኮት ወደ ውጭ እያየ ሰማኝ። ቤት ስንደርስ እህቱን ሳመ፣ እጆቿን አየ፣ ውሃ ጠየቀ። እንዲመለስ ለመንኩት። በቦታው ሌላ አስተማሪ ተቀጥሯል አለኝ። ሌላ መሄጃ ስላጣን እኔ ዘንድ ዐታላ ገባ። የአባቱን ከረባት ከቀዩ አጠገብ ሚስማሩ ላይ ሰቀልኩት። የሁለቱንም ቋጠሮ የሚፈታ የለም።

አሁን ፋሲካ ደርሷል። ትናንት ከሥራ ስንመለስ ልጁ ፊቱንና አንገቱን ታጠበ። ጆንያ የላጠው ቦታ ላይ ሲደርስ ጥርሱን ነከሰ። ከዚያ ወደ በሩ ሄዶ የአባቱን ከረባት ከሚስማሩ አወረደ፣ አጠለቀና ስልኩን ዘረጋልኝ። ሚስቴ ድስቱን ማማሰሏን ትታ ቀና አለች።

"አባባ ሥራ አገኘህ ወይ ብሎ ጠይቆኛል" አለ። "ጋሼ፣ አንድ አንሳኝ።"

እምቢ ማለት ነበረብኝ። ማንም ከሚያውቀው በላይ ይህን የማውቅ እኔ ነኝ። ቋጠሮው ወደ ግራ ተንጋዶ ነበር፤ አቃናሁለት። ትከሻው ላይ የቀረውን የሽንኩርት ልጣጭ አራገፍኩለት፣ ትንሽ ወደ ኋላ ሸሸሁና አነሳሁት።