ጨው በአፍንጫ

እናቴ ጨው የምታየው በአፍንጫዋ ነበር።

ሱዳን፣ ገዳሪፍ ከተማ ውስጥ፣ ከሎሪዎች ማቆሚያ ፊት ለፊት፣ አራት ጠረጴዛ ያላት መጥዓም ነበረቻት። መጥዓም የምንለው ምግብ ቤቱን ነው። ሰሊጥና ማሽላ የሚጭኑ ሱዳናውያን ሹፌሮች ጠዋት ፉል፣ ቀን ሙላሕ ይበሉባታል። ሙላሑ የሥጋ ወጥ ነው፤ ሥጋው የሚመጣው ደግሞ ከጎረቤታችን ከሐጂው ልኳንዳ ነው፣ የሙስሊም እርድ። እናቴ የጎንደር ክርስቲያን ናት። ታበስለዋለች እንጂ አትቀምሰውም።

ስለዚህ ድስቱን ከፍታ ጎንበስ ትላለች። እንፋሎቱን በአፍንጫዋ ትስብና ጥቂት አስባ ወይ ጨው ትጨምራለች፣ ወይ ትከድነዋለች። የተጠራጠረች ቀን አግዳሚው ላይ ቀድሞ ለተቀመጠው ሹፌር መዳፉ ላይ ጠብ ታደርግለታለች። «ሚልሑ ከይፍ?» ትለዋለች፣ ጨዉ እንዴት ነው ማለቷ ነው። እሱም ይልስና «ተማም፣ ያ ሐጃ» ይላታል፣ ልክ ነው እናቴ እንደ ማለት። ተማም ያላላት ሹፌር ብዙ ጊዜ አላየሁም። በዚህ ነገር የሚያሾፉባት የአገር ልጆች ነበሩ፤ እሷ የምትመልሰው ሁሌም አንድ ነው፦ «እጄ ተሰድዷል፤ አፌ ግን አልተሰደደም።»

ነገሩ ልማድ ሆነባትና የራሳችንንም ወጥ ማሽተት ጀመረች። ጾም ሲፈታ ክርስቲያኖቹ በሬ ተጋርተው ሲያርዱ ቤታችን ቅርጫ ይገባል፤ እሷ ያንንም በአፍንጫዋ አይታ፣ ሥጋውን ለእኛ ከፋፍላ፣ መረቁን ቆማ ትጠጣለች። እናቴ ቁጭ ብላ ስትበላ አይቼ አላውቅም ብል ማጋነን አይደለም። የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ሆኜ ይህን ልብ ያልኩ ቀን በጣም ተናደድኩ። በማን እንደተናደድኩ እስከ ዛሬ አላወቅሁትም። ብቻ፣ ሥራ የያዝኩ ዕለት ይህችን ሴትዮ ምግብ ቤት ወስጄ እንደ ሰው አስቀምጣታለሁ፣ ሌላ ሰው የሠራውን ትኩስ ነገር ከሁላችን ቀድማ ትበላለች ብዬ ለራሴ ማልኩ።

ሚሌኒየሙ ሊገባ አንድ ዓመት ሲቀረው አንድ ክሊኒክ ውስጥ ካርድ ክፍል ተቀጠርኩ። የሥራ ጓደኞቼ ስለ አንድ አዲስ ቤት ያወሩ ነበር። «ኮሪያው ቤት» ይሉታል። ባለቤቱ ኮሪያዊ አይደለም፤ የእኛው አገር ሰው ነው። ሀዋታ ከምትባለው ከተማ ማዶ የውኃ ጉድጓድ ይቆፍሩ ለነበሩ ኮሪያውያን ስምንት ዓመት ምግብ ሲሠራላቸው ኖሮ፣ እነሱ ሥራቸውን ጨርሰው ሲሄዱ ሙያውን ይዞ ገዳሪፍ ገባና ቤት ከፈተ። «ሥጋው ሌላ ነው» አሉኝ። ቅዳሜ ቅዳሜ ደግሞ ሥጋውን የሚያመጣው ከሐበሾቹ እርድ ነው ሲሉኝ ከዚያ ወዲያ ምንም አልጠየቅሁም። እናቴ የምትበላው ሥጋ፣ እናቴ ያልሠራችው ሥጋ። ሲሉ ሰምታ ዶሮ ታንቃ ሞተች የሚባለው ለእኔ ነው።

የሐዋርያት ጾም የተፈታ ሰሞን ነበር። ክረምት በመሆኑ ሎሪዎቹ በጥቁሩ ጭቃ መንቀሳቀስ አቅቷቸው ቆመዋል፣ መጥዓሙም ጭር ብሏል፤ እናቴን ከምድጃ ለመንጠቅ ከዚያ የተሻለ ጊዜ አይገኝም። እንዲያም ሆኖ ሳምንት ሙሉ ተከራከረችኝ። ምግብ እያለ ምግብ ፍለጋ መሄድ ምን ይሉት ጥጋብ ነው አለች። በመጨረሻ የረታት አባቴ ነው። «ሂጂ ስትልሽ ሂጂ፣» አላት፣ «ልጅሽ ቁጡ ናት፣ ኋላ እኔን ነው የምትቆጣኝ።» አባቴ ገበያ ውስጥ ሱቅ በረንዳ ላይ ጀላብያ የሚሰፋ ልብስ ሰፊ ነበር። ቁጣውን ከእሱ ነው የወረስኩት፣ እሱ ግን አያምንም።

ቅዳሜ አመሻሽ ላይ አራታችን በአንድ ሪክሻ ተጫንን፤ እናቴ፣ አባቴ፣ እኔና እዚያው ሱዳን የተወለደው ታናሽ ወንድሜ። ገበያውን እንዳለፍን ሪክሻዋ ጭቃ ውስጥ ተቀረቀረች። አባቴና ወንድሜ ወርደው ገፉ፣ እናቴም ቶቧን፣ እንደ ሱዳን ሴቶች የምትጠቀለልበትን ሰፊ ልብስ፣ ሰብስባ ልትወርድ ስትል እጇን ያዝኩ። «ዛሬ እንግዳ ነሽ፣» አልኳት። «እንግዳ አይገፋም።» አባቴ አንድ ጫማውን ጭቃው አስቀርቶበት ስለነበር ይህን ሲሰማ ቀና ብሎ አየኝ። እሱም እንግዳ መሆኑን ረስቼው ነበር።

ቤቱ አምስት ጠረጴዛ ያለው ዳስ ነው። ጠረጴዛዎቹ ከተቆረጠ በርሚል የተሠሩ ሆነው መሐላቸው ላይ የከሰል ማስቀመጫ ጉድጓድ አላቸው። ባለቤቱ አርባ ዓመት የሚሆነው፣ ደርባባ ሰው ነው፤ ለእናቴ ወንበር ስቦ «ይቀመጡ እናቴ» አላት። ተቀመጠች። ልቤ ሞላ። ወዲያው ደግሞ ተነሥታ በቶቧ ጫፍ ጠረጴዛውን መወልወል ጀመረች።

«እማ።»

«አቧራ ነው እኮ።»

አስቀመጥኳት። ባለቤቱ በርበሬ የታሸና በማሰሮ የኮመጠጠ ጎመን፣ የታጠበ የሰላጣ ቅጠል፣ በትንሽ ሣህን ደግሞ ቀይ ድልህ የሚመስል ነገር አመጣ። ቀጥሎ ሥጋው መጣ፤ በስሱ የተቆረጠ ቀይ ጥሬ ሥጋ፣ ሰፊ ሣህን ሙሉ። ከሥጋው ጎን አንድ መቆንጠጫና አንድ ትልቅ መቀስ አስቀመጠ። አባቴ መቀሱን አንሥቶ ከፈት ዘጋ አደረገው።

«ይህ የእኔ የሥራ ዕቃ ነው፣» አለ። «ከገበታ ምን ዶለው?»

«ሥጋውን ሲጠብሱ በእሱ ነው የሚቆርጡት፣» አለ ባለቤቱ።

«ማን ሲጠብስ?» አልኩ እኔ።

«እናንተ ናችሁ የምትጠብሱ። ኮሪያዎች እንዲህ ነው የሚበሉ። እሳቱን እኔ አመጣለሁ፣ መጥበሱ የእንግዳው ነው።»

አባቴ ወደ እኔ ዞሮ «ከመጠምጠም መማር ይቅደም» አለ፣ እየሳቀ። ገዳሪፍ ውስጥ ካለው ምግብ ቤት ሁሉ መርጬ እናቴን ያመጣሁት እንግዳው ራሱ ወደሚያበስልበት ብቸኛ ቤት ነው። እሷማ ፊቷ በራ። ከተቀመጠች ጀምሮ እጇ የሚይዘው አጥቶ ሲቁነጠነጥ ነበር። «ተመስገን፣ ሥራ ተገኘ» ብላ መቆንጠጫውን አነሣች፣ ቶቧንም ከትከሻዋ አዙራ አሠረች። ከሰሉ ግን ዝናብ መቶት ኖሮ አልያዘም፤ ጭሱ ፊታችን ላይ ሲመጣ እናቴ በሣህን ክዳን ልታራግብ ብድግ አለች። ባለቤቱ አፍሮ፣ ደረቅ ከሰል ከጎረቤት እንደሚያመጣ ነገረን። ሊሄድ ሲል እናቴ አስቆመችው።

«ሥጋው የማን እርድ ነው?»

«የእኛው ነው እናቴ። ዛሬ ጠዋት ከታረደው በሬ ነው።»

«ዛሬ ጠዋት» አለች እሷም፣ ለራሷ።

እሱ ሄደ። እሷ ማራገቧን ቀጠለች። እኔ እዚህ ላይ ፈነዳሁ። «አብሳይ አጥቼ አይደለም ያመጣሁሽ፣» አልኳት። «አንድ ቀን፣ አንድ ቀን ብቻ ተቀምጠሽ ሰው ሲያስተናግድሽ ላይ ብዬ ነው። እሱንም እንቢ ካልሽ ተነሡና ወደ ቤት እንሂድ፣ እዚያው ምድጃሽ ሥር ቁሚ።» ድምፄ ከፍ ብሎ ኖሮ ከጎናችን ያሉት ዞረው አዩን። እንባዬ መጣ፤ የጭሱ ነው እንዳልል ጭሱ ወደ ሌላ በኩል ዞሯል። ወንድሜ ጫማውን ያያል። አባቴ መቀሱን ከፈት ዘጋ ያደርጋል።

እናቴ ክዳኑን አስቀመጠች። መቆንጠጫውንም አስቀመጠች። ቁጭ አለችና እጆቿን ጭኗ ላይ አድርጋ ሥጋውን ለረጅም ጊዜ አየችው። ከዚያ አንዱን ቁራጭ በሁለት ጣቷ አንሥታ ወደ መብራቱ አስጠጋችው።

«ብልቱ ታላቅ ነው፣» አለች፣ ለጥሬ የሚመረጠውን። «ይህን ሥጋ እሳት ምን ሊጨምርለት?»

ቀዩን ድልህ ነካ አድርጋ ጎረሰችው።

መጀመሪያ በሐሳብ ተውጣ የሠራችው መስሎኝ ነበር። አባቴም «ጥሬ ነው እኮ» አላት በቀስታ። «ዓይን አለኝ» ብላ ሁለተኛውን አነሣች። ቀስ ብላ ነበር የምታኝከው፣ የሚቸኩልባት እንደሌለ ሰው። ያን ጊዜ ነው የገባኝ። እናቴ ከሁላችን ቀድማ እየበላች ነው። ያላበሰለችውን እየበላች ነው፤ ማንም አላበሰለውምና። ቁጣዬ የት እንደገባ አላውቅም፤ ሳቄ መጣ፣ እንባዬም ገና አልደረቀም ነበር።

አባቴ ግራ ቀኙን አየ። ገዳሪፍ ከገባን ጀምሮ ጥሬ ሥጋ በልቶ አያውቅም፤ በዚያ ሙቀት ማን ደፍሮ ይበላል? ረዘም ያለውን መርጦ አንዱን ጫፍ በጥርሱ ነከሰ፣ ሌላውን በግራ እጁ ወጠረ። ቢላዋ የለም። መቀሱን አንሥቶ ከከንፈሩ ሥር፣ ልክ የጀላብያ ክር እንደሚቆርጥ፣ ቀጭ አደረገው። እናቴ ይህን ስታይ በሳቅ ትን አላት። እኔም በላሁ። ድልሁ ጣፈጥ የሚል ነገር አለው፣ አዋዜ አይደለም፣ ግን አይከፋም። ከሁለት ወር በኋላ ሦስታችንም ከምሠራበት ክሊኒክ የኮሶ መድኃኒት ወስደናል፤ ያኔ የሳቀው ወንድሜ ብቻ ነበር።

ባለቤቱ በአካፋ የቀላ ፍም ይዞ ሲመለስ ሣህኑ እኩሌታ ሆኗል። ቆሞ ቀረ።

«ምነው እናቴ፣ ጥቂት ቢጠብቁኝ።»

«የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ሲባል እሰማለሁ፣» አለች እናቴ፣ «እኛ ግን ያፈሰስነው የለም። ቅመስ።»

ፍሙን ጉድጓዱ ውስጥ ገልብጦ እጁን በሽርጡ ጠረገና አንድ ቁራጭ አነሣ። ስምንት ዓመት ሙሉ ለሰዎቹ ሥጋ ሲቆርጥ ጥሬው እያማረው፣ ይታዘቡኛል ብሎ ሳይቀምስ እንደኖረ ነገረን። እየነገረንም ሦስተኛውን ጎረሰ። ከጎናችን ያሉት ሐበሾች መቆንጠጫቸውን አስቀምጠው ወደ እኛ ያዩ ጀመር፤ ቆይቶ ከእነሱም ዘንድ ሳቅ ተሰማ።

ያልበላው ወንድሜ ብቻ ነው። «አና ነይ ማ ባኩል» አለ፤ እኔ ጥሬ አልበላም ማለቱ ነው። ከዚያ ሣህኑን በልምዱ ወደ እናቴ ገፋው። «እማ፣ ጥበሽልኝ።»

የእናቴ እጅ ወደ መቆንጠጫው ሲሄድ አየሁ። እኔ የምለውን ብዬ ጨርሻለሁ። እጇ ግማሽ መንገድ ላይ ቆመና ተመለሰ።

«እሳቱም ያው፣ መቆንጠጫውም ያው፣» አለችው። «እኔ ዛሬ እንግዳ ነኝ።» ይህን ስትል ያየችው እሱን አልነበረም፣ እኔን ነው።

ወንድሜ የአሥራ ስድስት ዓመት ጎረምሳ ነው፤ እሳት ላይ ሥጋ አስቀምጦ አያውቅም። የመጀመሪያውን አሳረረው፣ ሁለተኛውን ፍሙ ውስጥ ጣለው። አባቴ በመቀሱ የማይረባ ምክር ይሰጠዋል። ሦስተኛው ደህና ሲወጣለት ባለቤቱ አጠገቡ ቆሞ አሳየው፤ ሥጋውን የሰላጣው ቅጠል ላይ አድርጎ፣ ከጎመኑ ጨምሮ፣ ጠቅልሎ አንድ ጉርሻ አደረገው። «ኮሪያዎችም ይጎራረሳሉ፣» አለ። «የመጀመሪያውን ለታላቅ ነው የሚሰጡ።»

ወንድሜ ጥቅሉን በሁለት እጁ ይዞ፣ እንዳይፈታበት እየተጠነቀቀ፣ ጠረጴዛውን ዞሮ እናቴ ዘንድ መጣ። እሷም አንገቷን ዘንበል አድርጋ በልማዷ አፍንጫዋን አስጠጋች። ልታሸተው ነበር። ከዚያ እንደማፈር አለችና አፏን ከፈተች፤ እሱም አጎረሳት። አኘከች። ሁላችንም አፏን እናያለን፣ ባለቤቱም ጭምር። ዋጠች።

«ጨው ያንሰዋል» አለች።

ወንድሜ ጨው ሊያመጣ ሄደ። እናቴ ከወንበሯ አልተነሣችም።