በእጅ ጀርባ የሚቀመስ ስጎ

አክስቴ የበርገርና የሆት ዶግ ስጎ ስትሠራ እዚህ ዓለም ላይ የለችም። ጎህ ሳይቀድ ሽንኩርቷን ትከትፋለች፣ የተፈጨውን ሥጋ እየበታተነች ትጠብሳለች፣ ቲማቲሙና በርበሬው ከገቡ በኋላ እሳቱን ትቀንስና ማማሰያዋን ቀስ እያደረገች ስታዞር በሐሳብ ጭልጥ ትላለች። የት እንደምትሄድ እንጃላት! እንፋሎቱ መስኮቱን ሲሸፍነው መንገዱም፣ ማዶ ያለው የአውቶቡስ ማቆሚያም ይጠፋል። ብጠራት ብጠራት አትሰማኝም። እኔም ዳቦ እየሰነጠቅሁ አብሬያት እፈዛለሁ።

አንድ ግራ የሚገባኝ ነገር አላት። ቤቷ ፊት ባለችው ሱቅ ይህን ስጎ በዳቦ ሃያ ዓመት ስትሸጥ አንድ ቀን ቀምሳው አታውቅም። «ሽታው ውስጥ ቆሜ አንግቼ በየትኛው ምላሴ ልፍረድ?» ትላለች። ቀማሿ ባሏ ናቸው። ጋሼ ጡረታ የወጡ የአውቶቡስ ሹፌር ናቸው፤ ጠዋት ፊታቸውን ታጥበው ይመጡና እጃቸውን ይዘረጋሉ። እሷ በእጃቸው ጀርባ ላይ ጠብ ታደርግላቸዋለች። ዓይናቸውን ጨፍነው ይልሱና «ጨው ያንሰዋል» ወይም «ትንሽ ስኳር» ወይም «እሰይ!» ይላሉ። «እሰይ» ካሉ ድስቱ ወደ ሱቁ ይወጣል። በዚያ ቤት ከዚህ የሚበልጥ የፍቅር ቃል ሲነገር ሰምቼ አላውቅም።

በክረምቱ ጋሼን ኃይለኛ ጉንፋን ጣላቸው። ድነው ሲነሡ መቅመሱ እንደ ድሮው ቀጠለ፤ እሷ ጨውን የቱንም ያህል በግምት ብትጨምር መልሳቸው በየቀኑ «እሰይ» ብቻ ሆነ። ደንበኛው ግን ፊቱ ተለወጠ። አንዱ ግማሹን ትቶ ይሄዳል፣ ሌላው ውኃ በውኃ ላይ ይጠይቃል። አንድ ቀን የዘወትር ደንበኛችን ጫማ ጠጋኙ «የእኔን ያለ ስጎ አድርጊልኝ» ሲላት አክስቴ ያነሣችውን ጭልፋ ድስቱ ውስጥ መለሰች። ያለዚያ ስጎ የእኛ ዳቦ ከማንም ዳቦ አይለይም፤ መዝጋታችን ነው። እኔ ደግሞ ነገር ሆዴ ውስጥ አያድርም። ቀመስኩት። ጨው በጨው!

ጋሼን በረንዳ ላይ አገኘኋቸው። «ኧረ ጋሼ፣ ምን ነክቶዎት ነው?»

አንገታቸውን ደፉ። «ከጉንፋኑ ወዲህ ምላሴ ሞቷል፣ ልጄ። ጨውም ስኳርም አንድ ሆኖብኛል። አይሸተኝም እንኳ።»

«ታዲያ ለምን አይነግሯትም?»

«ከነገርኳት ነገ ጠዋት አትጠራኝማ!»

በንዴት ነበር የመጣሁት፤ አንጀቴን በሉት። ቢሆንም «ወይ ይንገሯት፣ ወይ እነግራታለሁ» አልኳቸው።

በማግስቱ እጃቸውን ሳይዘረጉ ቆመው ነገሯት። እንፋሎቱ በመካከላቸው እየወጣ፣ ሁለቱም ሕልም ውስጥ ያሉ ይመስሉ ነበር። ከዚያ አክስቴ በገዛ እጇ ጀርባ ላይ ጠብ አደረገችና ላሰችው።

ትን አላት። እንባዋ ዱብ ዱብ እያለ አፏን ታራግብ ጀመር። «ኧረ በሞትኩት! ጨዉ አልበቃ ብሎ እሳት እኮ ነው! ይሄን ነው ሃያ ዓመት ሙሉ በባዶ ሆድህ ስትልስልኝ የኖርከው?»

«እውነቱን ልንገርሽ?» አሉ ጋሼ። «እኔ በርበሬ ከልጅነቴም አልወድም።»

«አንተ ሰው!» አለች። ሳቀች፣ ወዲያው ደግሞ አለቀሰች። «ከነገ ጀምሮ ራሴ እቀምሰዋለሁ። አንተ ግን ጠዋት ከዚህ ወጥ ቤት ብትቀር ወየውልህ!»

«መጥቼ ምን ልሠራ?»

«ቁጭ በል።»

በርጩማ ስባ አጠገቧ አስቀመጠቻቸውና እጃቸውን ያዘች። ስጎው ማረር ጀመረ። እኔንም እሷንም ሸቶናል፤ እጃቸውን ግን አልለቀቀችም።