ባለቤት ያጣው ብርሃን

ኦድቫር ሰው ፊት መናገር አይወድም ነበር። ዓሣ አጥማጅ ሳለ ይህ ጠባዩ ብዙም አላስቸገረውም፤ ባሕር የሚፈልገው እጅና ዓይን ነው። ጉልበቱ አላንቀሳቅስ ብሎት ጀልባውን ከሸጠ በኋላ ግን ኢንተርኔት የሚዘረጋው የደሴቲቱ የፋይበር ማኅበር “እጅህ አይንቀጠቀጥም” ብሎ ቀጠረው። ከፀጉር የቀጠነ የመስታወት ክር አቅልጦ መቀጠል ተማረ። መረብ ሲጠግን የኖረ ሰው ስለሆነ ሥራው ቶሎ ገባው። ክር ከክር ጋር ይገናኛል፣ ወይም አይገናኝም። ከዚህ ውጭ ሌላ ነገር የለም።

ነገሩ የተወሳሰበበት ማኅበሩ ያን ሳጥን ያስረከበው ሰሞን ነው።

ሳጥኑ የጫማ ካርቶን ያክላል፤ በትከሻ ይንጠለጠላል። የክሩን ጫፍ ሲሰኩበት በውስጡ የሚሮጠውን ብርሃን ይበትንና እያንዳንዱን ቀለም ለየብቻው እንደ ሾጣጣ ተራራ በስክሪን መስኮቱ ላይ ያቆመዋል። ቀለሞቹን ዓይን አያያቸውም። ኦድቫር ይህን ሲሰማ “ካልታዩ ለምን ቀለም ተባሉ?” ብሎ ጠይቆ ነበር። አሠልጣኙ ስቆ አለፈው፤ እሱም ዳግመኛ አልጠየቀም።

ከደቡቡ መንደር ተነስቶ፣ በባሕረ ሰላጤው ሥር አልፎ፣ ሰሜን ጫፍ ላይ እስካለችው የማኅበሩ የመሣሪያ ማኖሪያ ቀይ ጎጆ የሚደርሰው አሮጌ ክር ሦስት ብርሃን ይሸከማል፤ የመኖሪያ ቤቶቹን፣ የትምህርት ቤቱንና የሳልመን ዓሣ እርባታውን። አሁን አራተኛ ሊጨመርበት ነው። አራተኛው የጤና ጣቢያው ነው።

ኦድቫር ይህን አራተኛ ብርሃን ሲያስብ ትዝ የምትለው እህቱ ቦርግኒ ናት። ቦርግኒ ኩላሊቷ ከደከመ ወዲህ በሳምንት ሦስት ቀን በመርከብ እየተሻገረች ከተማ ሆስፒታል የኩላሊት እጥበት ታደርጋለች። ማዕበል ሲነሳ መርከቡ ይቀራል። ያኔ እግሯ እያበጠ፣ ትንፋሽ እያጠራት፣ መስኮቷ ሥር ተቀምጣ ባሕሩ እስኪበርድ ትጠብቃለች። ሆስፒታሉ አንድ የእጥበት ማሽን ለደሴቲቱ ጤና ጣቢያ ለመስጠት ተስማምቷል፤ ሐኪሙ ከተማ ሆኖ ማሽኑንም ታካሚዋንም በስክሪን ይከታተላል። የጠየቀው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ መስመሩ ዓርብ እኩለ ቀን ላይ ንጹሕ ሆኖ እንዲገኝ። ካልተገኘ ማሽኑ ወደ ሌላ ደሴት ይሄዳል፤ የእነሱ ተራ ለከርሞ ይሆናል።

ረቡዕ ጠዋት ኦድቫር ቀይዋ ጎጆ ውስጥ ክሩን ሳጥኑ ላይ ሲሰካ፣ ሦስት ተራራ በሚጠብቅበት መስኮት ላይ አራት አየ። አራተኛው ትንሽ ነው፤ የቆመው ግን ልክ ለጤና ጣቢያው በተተወው ቦታ ላይ ነው።

ነቅሎ ሰካው። የክሩን ጫፍ ጠረገ። ሳጥኑን አጥፍቶ አበራው። ትንሹ ተራራ ንቅንቅ አላለም።

ዋናው መሬት ላይ ሆና መስመሩን ለምትቆጣጠረው ወጣት መሐንዲስ፣ ለኢሴሊን፣ ደወለላት።

“እዚህ ያልጠራነው እንግዳ አለ” አላት።

“ማን ነው?”

“እሱን ልጠይቅሽ ነው የደወልኩት።”

“ከእኛ አይደለም፤ ብርሃኑ የሚመጣው ከመንደራችሁ በኩል ነው” አለች። “አንድ በአንድ እያስጠፉ ይዩት። እንግዳው ከየትኛው ጋር አብሮ ከጠፋ ባለቤቱ እሱ ነው።”

ምክሩ ቀላል ነበር። ኦድቫር የትምህርት ቤቱን ቧንቧም መብራትም ለሚጠግነው ለሃልግሪም ደወለ። ሃልግሪም በትርፍ ሰዓቱ ጣሪያው ላይ አንቴና የሚተክል፣ አሮጌ ሬዲዮ እየፈታ የሚገጥም ሰው ነው። የትምህርት ቤቱን መሣሪያ ለአፍታ እንዲያጠፋ ለመነው። የትምህርት ቤቱ ተራራ ወደቀ። ትንሹም አብሮት ወደቀ።

“ያዝኩህ” አለ ኦድቫር ለብቻው።

በዚያ ደሴት ሰው ጎረቤቱን ፊት ለፊት “አንተ ነህ” አይለውም። መጀመሪያ ስለ ንፋሱ ይወራል፣ ቀጥሎ ስለ ዓሣው፤ ዋናው ጉዳይ እንግዳው ሊወጣ በር ላይ ጫማውን ሲያደርግ ጣል ይደረጋል። ኦድቫር ይህን የሚያውቅ ሰው ነው፤ ከማንም በላይ የሚያከብርም ሰው ነው። የዚያን ቀን ግን ዓርብ ጭንቅላቱ ውስጥ ነበረች። መምህራኑ ከቤት ያመጡትን ዳቦ ከሃልግሪም ጋር እየበሉ ሳለ የክፍላቸውን በር ከፍቶ ቆመ።

“ሃልግሪም፣ መስመሩ ላይ የሰካኸውን ነገር ንቀል።”

ማኘኩ ቆመ።

“ምን ሰካሁ?”

“እሱን አንተ ታውቃለህ። የቦርግኒ ቦታ ላይ ነው የቆምከው።”

ሃልግሪም ዳቦውን ወረቀቱ ላይ አስቀመጠ። “የቦርግኒ ቦታ” ብሎ ደገመው። “ና፣ ራስህ እይ።”

ምድር ቤት ወርደው የመሣሪያውን ቁም ሣጥን ከፈተለት። ውስጡ ማኅበሩ ራሱ ካስገባው ሌላ ምንም አልነበረም። ኦድቫር በባትሪ ጀርባውን ሳይቀር አየ።

“ጨረስክ?”

“ጨረስኩ።”

“እንግዲህ ስትወጣ በሩን ዝጋው” አለና ሃልግሪም ቀድሞት ወጣ።

ኦድቫር ፊቱ እየነደደ ተመለሰ። በማግስቱ ጠዋት፣ ለማንኛውም ብሎ፣ ለሳልመን እርባታው ሥራ አስኪያጅ ለስቱርላ ደውሎ የእነሱን አስጠፋ። የእርባታው ተራራ ወደቀ። ትንሹም አብሮት ወደቀ። ትናንት የሃልግሪም የነበረው ዛሬ የስቱርላ ሆነ።

አሁን ግን ተምሯል። እርባታው ድረስ ነድቶ ሄደና ስቱርላ አጠገብ መተላለፊያው ላይ ቆሞ ውሃውን እያየ ጀመረ።

“የሰሜኑ ንፋስ ሊነሳ ይመስላል።”

“ይመስላል።”

“ዓሣውስ ይበላል?”

“ይበላል።”

“ስቱርላ፣ እንዲያው... የሌላ ሰው ነገር ላይ... ማለቴ፣ ልትነግረኝ የፈለግከው ነገር ካለ...”

ስቱርላ ፊቱን ከውሃው ወደ እሱ አዞረ። “ማን ነገረህ?” አለ።

“ማንም አልነገረኝም። በሳጥኑ ነው ያየሁት።”

“እሱም በሳጥን ይታያል?” ስቱርላ ቆቡን አወለቀ። “ብርቱካናማውን የመረብ ተንሳፋፊህን የወሰድኩት እኔ ነኝ። አምና በመኸር። ተበጥሶ የመጣ መስሎኝ ነበር፣ ስምህን ያየሁት ቤት ካስገባሁት በኋላ ነው። ልመልስ ልመልስ ስል ጊዜው ሄደ፣ ከዚያ ደግሞ አፈርኩ።”

“ያዘው” አለ ኦድቫር። “እኔ አሁን ጀልባ የለኝም።”

“ታዲያ ምን ፈልገህ ነው የመጣኸው?”

“እንጃ። ስመጣ አውቀው ነበር።”

ከሰዓት በኋላ የማኅበሩን ጸሐፊ ለምኖ የመኖሪያ ቤቶቹን አስጠፋ። መንደሩ በሙሉ ኢንተርኔት አጣ፤ ትንሹ ተራራም ከቤቶቹ ጋር አብሮ ወደቀ። ሲበሩም አብሮ ተነሳ። ኦድቫር ባዶ የገመድ መጠቅለያ ላይ ተቀመጠ። ሦስት አባት ያለው ልጅ ሰምቶ አያውቅም። ቡናማ አይብ የተቀባ ዳቦውን ከወረቀቱ አውጥቶ አየውና መልሶ ጠቀለለው። ስልኩ ጮኸ፤ ቦርግኒ ናት።

“ኢንተርኔት ያጠፋኸው አንተ ነህ አሉ።”

“መልሼዋለሁ፣ እትዬ።”

“ሃልግሪምንም ሌባ ብለኸዋል አሉ።”

“ሌባ አላልኩትም። ቦታሽ ላይ ቆመሃል ነው ያልኩት።”

“የእኔ ቦታ የት ነው?”

“መስመሩ ውስጥ።”

ሳቋ በሳል ተቆረጠ። “ስማ፣ ነገ ካልሆነ አልሆነም። እኔ እንደሆነ መርከቡን ለምጄዋለሁ።”

አለመልመዷን ያውቃል። ባለፈው ክረምት መርከቡ ቀርቶ ሊያያት ሲሄድ፣ ከንፈሯ ጠቁሮ፣ ቀና ማለት እያቃታት፣ እሱን “ሻይ ጠጣ እንጂ” ስትለው ነበር።

ኢሴሊን የደወለችው እሱ ሳጥኑን ሊያነሳ ሲል ነው። እሷም ነገሩ አልለቃት ብሎ ቆይቷል።

“ያ ክር መቼ ነው የተዘረጋው?”

“እኔ ገና ዓሣ ሳጠምድ።”

“እንግዲያው አወቅሁት። እንግዳዎ ባለቤት የለውም። እንዲህ ያለ ክር ዛሬ አይዘረጋም። ብርሃኖቹ እኩል እየሮጡ ረጅም መንገድ ጎን ለጎን ስለሚሄዱበት እርስ በርስ ይነካካሉ። ከሦስቱ መነካካት አራተኛ ይወለዳል። ከሦስቱ አንዱ ከጎደለ እሱም አይኖርም።”

“ማንም ሳያበራው?”

“ማንም ሳያበራው።”

“ግን በርቷል። ይኸው አየዋለሁ።”

“መብራቱንማ በርቷል።”

ኦድቫር ዓይኑን ጨፈነ። ሁለት ጀልባዎች ጎን ለጎን ታስረው ሞተራቸው ሲሠራ፣ ከአንዱም ሞተር ያልሆነ፣ ቀስ እያለ ደረትን የሚመታ ሌላ ምት ይሰማል። እንደዚያ ሊሆን ይችላል። ገባኝ ሲል መልሶ ጠፋው፤ ምቱን በእጁ ይዞ አያውቅም፣ ይህ ግን እንደ ተራራ ቆሟል።

“ምን ይሻላል?” አላት።

“ከሦስቱ አንዱን ትንሽ ወደ ጎን ማዛወር። ያኔ እንግዳውም ቦታ ይለቃል። ችግሩ፣ ቀለሙን መቀየር የሚችለው የትምህርት ቤቱ መሣሪያ ብቻ ነው።”

ኦድቫር ተመልሶ መጠቅለያው ላይ ተቀመጠ።

“ሰሙኝ?”

“ሰምቼሻለሁ።”

ዓርብ ጠዋት ሃልግሪምን የትምህርት ቤቱን የግብ ቋሚ ነጭ ቀለም ሲቀባ አገኘው።

“ንፋሱ...” ብሎ ጀመረ ኦድቫር።

“ንፋሱን ተወው።”

“ይቅርታ ልጠይቅህ ነው የመጣሁት። ደግሞም ልለምንህ።”

“የቱን ነው የምታስቀድመው?”

“እኔ እንጃ። ብርሃኑ ያንተ አይደለም። ግን ቦታ መልቀቅ ያለብህ አንተ ነህ።”

ሃልግሪም ብሩሹ እየተንጠባጠበ አየው። “ከትናንት ወዲያ ባላደረግሁት ወቀስከኝ። ዛሬ ላላደረግሁት ልነሳልህ?”

“አዎ” አለ ኦድቫር።

“የወቀስከኝ የት ነው?”

“የመምህራኑ ክፍል ውስጥ።”

“እዚያ ንገረኝ እንግዲያ። በእረፍት ሰዓት። ቆመህ።”

ከዚህ ይልቅ ክረምት ላይ ባሕር ግባ ቢሉት ይቀለው ነበር። በእረፍት ሰዓት መምህራኑ ፊት ቆመ።

“ሃልግሪም ምንም አልሰካም” አለ። “ስቱርላም አልሰካም፤ እኛም። ብርሃኑ አለ፣ ያበራው ሰው ግን የለም። ሦስታችንም ጎን ለጎን ስለሄድን ነው የመጣው። እኔ ደግሞ ሃልግሪምን... በእናንተ ፊት እንዲያ ማለት አልነበረብኝም።”

ወጣቷ የሳይንስ መምህርት ሲኒዋን አስቀመጠች። “ብርሃኑ ጉልበቱን ከየት ያመጣል ታዲያ?”

“ከእያንዳንዳችን ትንሽ ትንሽ ይቆነጥራል መሰለኝ።”

“መሰለኝ?”

“መሰለኝ።”

“ተይው” አለ ሃልግሪም። “እሱም አልገባውም፣ እኔም አልገባኝም። ና፣ ምኑን እንደምጫን አሳየኝ፤ ልጆቹ ፈተና አላቸው።”

ኦድቫር አሳይቶት ወደ ቀይዋ ጎጆ በፍጥነት ነዳ። በስልክ “አሁን” አለው። የትምህርት ቤቱ ተራራ ጠፍቶ ትንሽ ወዲያ ብሎ ተነሳ። ትንሹ ግን በነበረበት ቦታ አልተነሳም። ቦታው ባዶ ሆነ። ኦድቫር እልል የሚያሰኝ ነገር ጠብቆ ነበር፤ ያገኘው ግን ደህና ሁን ያልተባባሉት ሰው የሄደ ያህል የሚከብድ ነገር ነው። ለምን እንደሆነ አላወቀም። ብዙም ሳይቆይ የጤና ጣቢያው ብርሃን ባዶው ቦታ ላይ ቀጥ ብሎ ቆመ። ኢሴሊን “ንጹሕ ነው፣ ሆስፒታሉም ተቀብሎታል” አለችው።

ለቦርግኒ ደወለላት።

“ሰኞ መርከብ የለም” አላት።

“ማዕበል ነው?”

“አይደለም። መርከብ አያስፈልግሽም ማለቴ ነው።”

ወንበር ስትስብ ተሰማው።

“ታዲያ ያ ቦታዬ ላይ የቆመው የማን ነበር?” አለች።

“የማንም።”

“እንዴት የማንም? እስቲ ንገረኝ።”

ነገራት። ከሞተሮቹ ጀመረ፣ ወደ ክሩ ሄደ፣ መሐል ላይ ተንሳፋፊው ገባበት፤ ለመምህራኑ ከተናገረው የባሰ ሆነ። እያወራ ሳለ በስልኩ ውስጥ የዚፕ ድምፅ ሰማ። ለመርከቡ ሁልጊዜ ተሰናድቶ በሩ ሥር የሚቀመጠውን ቦርሳ እየፈታች ነበር። ፔርሙዙን፣ የሹራብ ሥራዋን፣ ወፍራም ካልሲዋን አንድ በአንድ ጠረጴዛ ላይ ስታስቀምጥ ይሰማዋል። ንግግሩን አቆመ።

“ቀጥል እንጂ” አለችው። “እየሰማሁህ ነው።”