ጨሌ ይዤ ወደ ኮምቦልቻ

ደሴ ውስጥ ልብስ ሰፊ ሞልቷል፤ የሰው ገላ ከምን እንደተሠራ አንብቦ የሚያስረዳ ልብስ ሰፊ ግን እኔ ብቻ ነኝ። ፊደል ያስቆጠረኝ የለም፤ ሳይንስንም ከአሮጌ የተማሪ መጻሕፍት በራሴ ነው የተማርኩት። የእህቴ ልጅ አልማዝ ከኮምቦልቻ የላከችብኝም ለዚሁ ነው። የስድስት ዓመት ልጇ የሊዲያ እግር አብጧል። ሐኪሙ የፕሮቲን እጥረት ነው፣ ጥራጥሬ ትብላ ቢልም ልጅቱ አፏን አትከፍትም።

ልጅ በእጁ ያልነካውን አያምንም። ስለዚህ ፕሮቲን በክር እንደተሰካ ጨሌ መሆኑን ላሳያት ባለቀለም ጨሌ፣ መርፌና ክር ቋጥሬ ተነሣሁ።

ጧት፣ ሁለት ሰዓት

ወደ ኮምቦልቻ የሚያወርደውን የሐረጎን ጠመዝማዛ ጉም ሸፍኖታል። ሚኒባሳችን ኬላው ላይ ሲቆም ፈታሹ ቋጠሮዬን ፈታው።

«አባባ፣ ቃልቻ ነዎት እንዴ?»

ፕሮቲን ማስተማሪያ ነው ብዬ ብነግረው ይብስ ጠረጠረኝ። መታወቂያዬን ይዞ ድንኳን ገባ። አጠገቤ የተቀመጠች ባለሻሽ ሴት «አብሽሩ አባቴ፣ አላህ አለ» አለችኝ። ፈታሹ ተመልሶ «ለልጅ መጫወቻ ከሆነ ይለፉ» አለኝ።

ኮምቦልቻ፣ አራት ሰዓት

ሙቀቱ ያፍናል። ጨሌውን ጠረጴዛ ላይ ስዘረግፈው አልማዝ ፊቷ ጠቆረ።

«አጎቴ፣ ይህን ከቤቴ ያውጡልኝ። እናቴ የዛር ጨሌዋን አቃጥላ አይደል ጌታን የተቀበለችው?»

እናቷ የገዛ እህቴ ናት፤ እንዴት እንደረሳሁት እንጃ። ጨሌውን ሰብስቤ ወጣሁ፤ ጓሮ ቀበርኩት። ሊዲያ በሩን ተደግፋ ታየኛለች። እግሯን በጣቴ ጫን ባደርገው ስርጉዱ አልመለስ አለ። መመለሻዬ ዘጠኝ ሰዓት ነው፤ በእጄ የቀረው መርፌና ክር ብቻ።

ጓዳው ጥግ ላይ ለንፍሮ የተዘፈዘፈ ሽምብራ፣ ባቄላና ስንዴ አየሁ። ርሶ ለስልሷል፤ መርፌ ያስገባል። አንዱን ከሌላው እያፈራረቅሁ ደረደርኩ።

«ፕሮቲን እንዲህ ያለ ድርድር ነው» አልኳት ሊዲያን። «ሆድሽ ክሩን በጥሶ ፍሬውን ይለቅማል። ገላሽ ደግሞ እንደገና ደርድሮ እግር ይሠራበታል።»

«የኔን እግር?»

«ያንቺን።»

መርፌውን ተቀብላኝ የራሷን ደረደረች። አልማዝ ቀቀለችው፤ ክሩን መዘዝኩላት። ልጅቱ ፍሬዎቹን አገላበጠች።

«ይሄ ለተረከዜ» አለችና ዋጠች።

ደሴ፣ ማታ

የእግሯ እብጠት መጉደሉን ገና አላውቅም፤ ሐሳቡም አልለቀቀኝም። የተማርኩት ነገር ቢኖር፣ ወደ ሰው ቤት ዕቃ ከመያዝ በፊት ቤቱን ማወቅ እንደሚገባ ነው። የፈጸምኩት ግን ይጻፍልኝ፦

ኬላውን ያለ አማላጅ አልፌያለሁ።
የአልማዝን ቤት ሳላስቀይም ወጥቻለሁ።
ፕሮቲንን በንፍሮ አስተምሬያለሁ፤ ከእኔ በፊት ያደረገው ካለ ይምጣ።
ሊዲያ አሥራ ሰባት ፍሬ በልታለች። አሥራ ስምንተኛውን ራሷ ለምናኛለች።