የእትዬ በለጡ የካይሮ ውሎ

እትዬ በለጡ ባለፈው ማክሰኞ ማለዳ፣ እዚህ አሜሪካ ሚድ ሲቲ በሚባለው ሠፈር ባለው አፓርታማቸው፣ እንደተኙ ወደ ጌታ ሄደዋል። በየቀኑ ሥራ ሳልገባ ደውለው «ቁርስ በላሽ?» የሚሉኝ ሰው ዝም ስላሉብኝ፣ በሰጡኝ ቁልፍ ከፍቼ የገባሁት እኔ ነኝ። ብርድ ልብሳቸው እንኳ አልተዛነፈም ነበር። የሥጋ ዘመዳቸው አይደለሁም። ስሜ ሶስና ይባላል፤ ሥራ ያስተማሩኝ፣ ያኖሩኝ፣ የተቆጡኝ እሳቸው ናቸው።

ለቅሶ የደረሳችሁ ሁሉ በቤተ ክርስቲያናችን አዳራሽ መግቢያ ላይ የቆመውን ፎቶ አይታችኋል። እትዬ ነጠላቸውን አጣፍተው፣ ፀሐዩ ዓይናቸውን እያስጨፈናቸው፣ ከኋላቸው ትልቁ ፒራሚድ። ያነሳሁት እኔ ነኝ። ስንቶቻችሁ እጄን ይዛችሁ «ተባረኪ፣ በቁማቸው ዓለም አሳየሻቸው» አላችሁኝ። አንገቴን ደፍቼ አሜን አልኩ። ያ አሜን ግን አልዋጥልኝ ብሎኛል፤ ይህን የምጽፈውም ስለዚያ ነው። ሆኖም መጀመሪያ ስለ እሳቸው ልናገር፤ ስለ ራሴ እደርስበታለሁ።

በዲቪ ስመጣ የሃያ ሦስት ዓመት ልጅ ነበርኩ። ያስጠጋችኝ የአክስቴ ልጅ በሁለት ወሯ ወደ ሌላ ስቴት ሄደችና ሜዳ ላይ ቀረሁ። ፌርፋክስ መንገድ ላይ ካለ አንድ የሀበሻ ሱቅ ግድግዳ የተለጠፈ ማስታወቂያ እያነበብኩ ሳለ አንዲት አጭር፣ ወፈር ያሉ ሴት አጠገቤ ቆሙ።

«የኔ ልጅ፣ የምትፈልጊው ሥራ ነው ቤት?» አሉኝ።

«ሁለቱንም።»

«እንግዲያው ነይ፤ አንዱ እኔ ጋ አለ፣ ሌላውን አብረን እንፈልጋለን።»

ስድስት ዓመት አብሬያቸው ኖርኩ። ሥራውንም የሰጡኝ እሳቸው ናቸው፤ አዛውንት መንከባከብ፣ እኛ ኬርጊቨር የምንለውን። የመጀመሪያው ሥራዬ ሳንታ ሞኒካ ነበር። ሦስት ቀን ሙሉ፣ እሳቸው ኦፍ ሆነው ማረፍ ሲችሉ፣ በፒኮ መንገድ ባስ አብረውኝ ሄደው በር ላይ አድርሰውኝ ተመለሱ። «እትዬ፣ ስልኬ ላይ ማፕ አለ እኮ» ብላቸው «ካርታ ያሳይሻል እንጂ አያደርስሽም» አሉኝ። ከእኔ በፊትም ከእኔ በኋላም የመጡትን ሁሉ እንዲህ ነው ያለማመዱት። ፌርፋክስ ላይ ሲሄዱ አንዷን ብሎክ በግማሽ ሰዓት ጨርሰውልኝ አያውቁም፤ ያላደረሱት፣ ያላስቀጠሩት፣ የማይስማቸው ሰው አልነበረም።

ሥራ ላይ ያያቸው ግን ጥቂት ሰው ነው። አንዲት ጡረታ የወጡ አስተማሪ ነበሩ፤ ስትሮክ አንደበታቸውን ወስዶታል። እትዬ ሊያጥቧቸው ሲሉ ሁሉንም አስቀድመው ይነግሯቸዋል። በአማርኛና በተሰባበረ እንግሊዝኛ፣ «አሁን ግራ እጅዎን ነው የማነሳው፤ ውኃው ለብ ያለ ነው፤ ኦኬ?» ይሉና ይጠብቃሉ። አንድ ቀን ቸኩዬ ነበርና «እሳቸው እንደሆነ አይሰሙም» አልኩ። እትዬ ፎጣውን አስቀምጠው አዩኝ።

«አለመስማታቸውን በምን አወቅሽ? የሰው ገላ ሳያስፈቅዱ አይነካም። መናገር ያቃተው ሰው ፍላጎቱ ዓይኑ ላይ ነው። ዓይን ዓይኑን እያየሽ ሥሪ።»

እኔ ፕላን የምወድ ሰው ነኝ። ሁሉን ነገር በሰዓት ካልያዝኩ እንቅልፍ አይወስደኝም። እሳቸውም በዚህ ሲቀልዱብኝ «ሶስናን ጌታ ሲጠራት ‹አፖይንትመንት አለህ ወይ?› ሳትለው አትቀርም» እያሉ የጸሎት ቡድኑን ያስቁ ነበር። እኔም አብሬ እስቅ ነበር።

ከሁለት ዓመት በፊት የእህታቸው ልጅ አዲስ አበባ ልታገባ ሆነና አብረን እንድንሄድ ለመኑኝ። ርካሹ ቲኬት በካይሮ በኩል ነበር፤ ጠዋት ደርሰን እስከ ማታ መጠበቅ አለብን። ይህን ሳይ ደስታዬ ወሰን አጣ። እትዬ አሜሪካ ከመግባታቸው በፊት ስምንት ዓመት ካይሮ ሰው ቤት ሠርተዋል፤ ፒራሚድ ግን ረግጠው አያውቁም። የሚሠሩበት ቤት ጣሪያ ላይ ልብስ ሲያሰጡ ከሩቅ ያዩት ነበር እንጂ ዕረፍት አግኝቶ መሄድ የማይታሰብ ነበር። ስለዚህ በኢንተርኔት የግል ቱር ያዝኩ፤ ለሁለታችን ብቻ መኪና፣ ሹፌርና አስጎብኚ፣ ከኤርፖርት ወስዶ ኤርፖርት የሚመልስ። ፒራሚድ፣ ስፊንክስ፣ ምሳ፣ ሙዚየም። ፕሮግራሙን አትሜ ሳሳያቸው መነጽራቸውን አድርገው ደጋግመው አነበቡት።

«ቀኑን ሙሉ መኪናው የእኛ ነው?» አሉ።

«የእኛ ብቻ ነው፣ እትዬ።»

«ያልነው ቦታ ይወስደናል ማለት ነው?»

«አዎን፤ ፕሮግራሙ ላይ ያለውን በሙሉ።»

ወረቀቱን አጥፈው ቦርሳቸው ውስጥ ከተቱት። ዓይናቸውን አላየሁም፤ ልቤ ሻንጣው ላይ ነበር።

አስጎብኚያችን ሐሰን የሚባል ትሑት ወጣት ነበር። እትዬ በዓረብኛ ሰላም ሲሉት ክው አለ። «እናቴ፣ አነጋገርሽ እንደ ሠፈራችን ሴቶች ነው» አላቸውና ከዚያች ሰዓት ጀምሮ ቦርሳቸውን ከእጁ አላወረደም። ፒራሚዱ ሥር ቆመን የንጉሡን ታላቅነት፣ የድንጋዩን ክብደት ሲያስረዳን፣ እኔ ቪዲዮ እቀዳለሁ፣ እሳቸው ወደ ላይ ያዩ ነበር። ከዚያ በድንገት በዓረብኛ አንድ ነገር ጠየቁት። ምን እንዳሉት ብጠይቀው፣ «ይህን የሠሩት ሰዎችስ የት ነው የተቀበሩት? አሉኝ» አለ።

ሐሰን እጁን ዘርግቶ ወዲያ ያለውን ኮረብታ አሳያቸው። ድንጋይ ጠርበው ፒራሚዱን የሠሩት ሰዎች መቃብር እዚያ እንደተገኘ፣ የአንዳንዱ ስምና ሥራ ከነማዕረጉ ተጽፎ እንደቆየ ነገረን። እትዬ በእጃቸው ግንባራቸውን ከፀሐይ ከልለው ወደዚያ እያዩ ብዙ ቆዩ።

«አየሽ፣ ሠራተኞቹም መቃብር አላቸው» አሉኝ ቀስ ብለው።

እኔ ምን አልኩ? «እትዬ፣ ሰዓቱ ሳይሄድብን ፎቶ እንነሳ።» አዳራሹ በር ላይ ያያችሁት ፎቶ ያኔ የተነሳው ነው።

ምሳ ላይ ብዙም አልበሉም። ሳህናቸውን ገፋ አድርገው፣ ፈገግ ብለው፣ እንዲህ አሉኝ፦

«ሶስናዬ፣ ጊዜ ከተረፈን፣ ፀሐይ ያለችበትን ቦታ ብናየው ደስ ይለኝ ነበር። ካልሆነም ግድ የለም።»

ፀሐይ ማን እንደሆነች እናንተም ታውቃላችሁ፤ በየጸሎቱ ስሟን ጠርተው የሚያመሰግኑላት፣ ካይሮ አብራቸው ኖራ እዚያው የሞተች ጓደኛቸው። እትዬ መካነ መቃብሩን ለሐሰን በዓረብኛ ነገሩት፤ እኔ ምን ያህል ይርቃል አልኩት። በዚያ ሰዓት ትራፊክ ከተማውን ማቋረጥ ከአንድ ሰዓት በላይ እንደሚፈጅ፣ ከሄድን ሙዚየሙ እንደሚቀርብን ነገረኝ። ከዚያም ወደ እሳቸው አየት አድርጎ «ሙዚየሙ ነገም እዚሁ ነው፣ እህቴ» አለኝ።

«ኖ፣ ኖ፤ ሙዚየሙማ ዋናው ነው» አልኩ። «እትዬ፣ እሱን በመልሱ እናየዋለን። ኦኬ?»

«ኦኬ፣ የኔ ልጅ። እንዳልሽ።»

ወገኖቼ፣ እኔ እዚህ ተወልጄ አማርኛ የቸገረኝ ልጅ አይደለሁም። ያደግኩት በይሉኝታ ነው። አንድ የእኛ ሰው፣ ያውም በእሳቸው ዕድሜ ያለ ሰው፣ «ጊዜ ከተረፈን፣ ካልሆነም ግድ የለም» ካለ፣ ለዚያ ነገር ብቻ ብሎ እንደመጣ ማወቅ ነበረብኝ። ግብፃዊው ልጅ ገባው። እኔ ዓይናቸውን ባይ ኖሮ ይገባኝ ነበር፤ ስድስት ዓመት የተማርኩትም እሱን ነበር። ቲኬቱን የቆረጥኩትም እኔው ነኝ፤ በመልሱ ካይሮ የምንቆየው ሁለት ሰዓት ብቻ፣ እሱም ኤርፖርት ውስጥ መሆኑን አንዴ እንኳ አላሰብኩም።

ሙዚየሙ መግቢያ ላይ ጉልበቴን አመመኝ ብለው አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀመጡ። እኔ ከሐሰን ጋር ዞርኩ። የነገሥታቱን ሣጥን፣ ወርቁን፣ ከእነሱ ጋር የተቀበረውን አልጋና ጫማ ሁሉ አየሁ፤ እውነቱን ለመናገር ደስ ብሎኝ ነበር። ስመለስ እንዳስቀመጥኳቸው ናቸው፤ ቦርሳቸውን ጭናቸው ላይ አድርገው።

«ጨረስሽ? ደስ አለሽ?» አሉኝ። ከልባቸው ነበር የጠየቁኝ።

በመልሱ ስለ ፀሐይ አንድ ቃል አላነሱም፤ እኔም ረስቼው ነበር። እዚህ ከገባን በኋላ «ሶስና ፒራሚድ አሳየችኝ» እያሉ ለሰው ሁሉ ሲያወሩልኝ ኖሩ።

ባለፈው ረቡዕ፣ መርዶውን ለማርዳት አዲስ አበባ ታናሽ እህታቸው ጋ ደወልኩ። አለቀሱ፤ አብሬ አለቀስኩ። ረጋ ሲሉ «እንደው የፀሐይን መቃብር ሳታየው መቅረቷ ይቆጨኛል» አሉኝ። ከዚያም የማላውቀውን ነገሩኝ። እትዬ ካይሮ ሲገቡ ማንንም አያውቁም ነበር፤ ፀሐይ ናት ከአልጋዋ ግማሹን ያካፈለቻቸው፣ ዓረብኛ ያስተማረቻቸው፣ ሥራ ያስገባቻቸው። ፀሐይ ስትሞት አሠሪያቸው እንግዶች አሉብኝ ብላ አልለቀቀቻቸውም። መቀበሯን የሰሙት በሦስተኛው ቀን ነው። ከሬሳዋ ጋር ሳልቆም ቀረሁ እያሉ ሲያለቅሱ ኖረዋል። ለሠርጉ ከመነሳታችን በፊት ለእህታቸው ደውለው «ዘንድሮ ፀሐይን አያታለሁ፣ ሶስና መኪና ይዛልኛለች» ብለው ነበር።

«ለሠርጉ ስትመጣ ‹እንዴት ሆነ?› ብንላት፣ ‹ሶስና ብትለምነኝ ጉልበቴ እምቢ አለኝ፤ እኔው ነኝ የተውኩት› አለችን» አሉኝ እህታቸው። «አንቺስ ደክመሻል፣ ልጄ፤ እግዜር ይስጥሽ።»

አልለመንኳቸውም። ጉልበታቸውም እምቢ አላለም። አሠሪያቸው እንግዳ ነበረባት፤ እኔ ፕሮግራም ነበረብኝ። እሳቸው ደግሞ ስሜን ጠብቀውልኝ ሞቱ። ይህን ሳልናገር «ዓለም አሳየሻቸው» እየተባልኩ መኖር አልቻልኩም።

ስልኩን እንደዘጋሁ ለሐሰን ጻፍኩለት። ልጁ አልረሳቸውም። በዕረፍት ቀኑ፣ ያኔ በምሳ ሰዓት የነገሩት መካነ መቃብር ድረስ ሄዶ፣ ጠባቂውን አግኝቶ፣ መዝገብ አስገልጦ መለሰልኝ። ከሀገራችን ሰዎች መካከል ፀሐይ የተባሉ ሦስት ሴቶች አሉ፤ የሦስቱም ዘመን ተቀራራቢ ነው። «የአባቷን ስም ላኪልኝ፤ መቃብሯን አጽድቼ አበባ አስቀምጣለሁ» ይላል። እህታቸውን ብጠይቅ «እኛም በስልክ ፀሐይ ብቻ ስትላት ነው የሰማነው» አሉ። የጸሎት ቡድናችንን አንድ በአንድ ጠየቅኩ። የሚያውቅ የለም።

ይህን ጽሑፍ ከምታነቡት መካከል እትዬ በነበሩበት ዘመን ካይሮ የነበራችሁ፣ ወይም ካይሮ የነበረ ሰው የምታውቁ ካላችሁ፣ እባካችሁ አፈላልጉልኝ። ከበለጡ ጋር አንድ ክፍል የኖረችው ፀሐይ ናት። ጎንደሬ ትሁን ወለዬ እንኳ አላውቅም።

እትዬ በለጡ፣ የኔ እናት፣ ቀና ብዬ የምሰናበትዎት መስሎኝ ነበር፤ አልሆነልኝም። ሰው ሁሉ ያደረጉለትን እየተናገረ ሸኘዎት፤ እኔ ያላደረግኩልዎትን ይዤ ቀረሁ። ይቅር እንዳሉኝ አውቃለሁ፤ ያኔውኑ፣ እዚያው ወንበር ላይ ይቅር ብለውኛል፤ የሚያቃጥለኝም እሱ ነው። ጌታ ዘንድ ይረፉ። ፀሐይንም እዚያ ማንም ሳይከለክልዎት ያግኟት። እኔ ስድስት ዓመት ከማዕድዎ በልቼ፣ ስሟን በጸሎት ሲጠሩ እየሰማሁ አሜን ብዬ፣ አንድ ቀን እንኳ የማን ልጅ ናት ብዬ አልጠየቅኩዎትም።