የሚስማር ጎራሹ ሻይ

በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ይባላል። መድኃኒቱን ራሱን ለደበቀ ሰው ግን እስካሁን የተተረተ ተረት ያለ አይመስለኝም። ቢኖር ኖሮ የሚስማር ጎራሹ ሚስት ሰምታ ትመከርበት ነበር።

ሰውየው ሶፋ አዳሽ ነው። የወጣለት ስም አለው፣ የሚጠራው ግን የለም፤ ሰፈሩ በሙሉ «ሚስማር ጎራሹ» ነው የሚለው። ከጎረምሳነቱ ጀምሮ ጥቃቅኑን ሚስማር በእፍኙ አፉ ውስጥ ይሞጅርና በምላሱ እያገላበጠ አንድ በአንድ ወደ ከንፈሩ ያመጣዋል። በአንድ እጁ ጨርቁን ወጥሮ፣ በሌላው ማግኔት ባለው መዶሻ ሚስማሩን ከከንፈሩ ላይ ተቀብሎ ይመታዋል። ሚስቱ «አንድ ቀን ትውጠዋለህ!» ስትለው፣ «ብውጠውስ? ሆዴን ወጥሮ ይይዝልኛል» ይላታል። ቀልድ አያልቅበትም። ከልማዱ ብዛት የሚበላው ሁሉ ብረት ብረት ይለዋል፤ እሱም ከቁም ነገር አይቆጥረው።

ባለፈው ዓመት እግሩ አበጠ። ቆሞ የሚውል ሰው እግሩ ቢያብጥ ምን ይደንቃል ብሎ ዝም አለ። እግሩ ውስጥ የረጋው ደም ተነስቶ ሳንባው ገባና ትንፋሹን ያዘው፤ ከሞት አፍ ነው የተመለሰው። ያከመችው ሐኪም የደም ማቅጠኛ ክኒን አዘዘችለት። እየተመላለሰ ደሙን እንዲያስመረምር፣ ከክኒኑም ጋር ሌላ ነገር እንዳይደባልቅ አጥብቃ ነገረችው።

ጥቂት ጊዜ ዋጠ። ከዚያ ሶፋ ሊያሳድስ የመጣ አንድ ደንበኛ «ያ ክኒን እኮ የአይጥ መርዝ ዘመድ ነው» አለው። ነጭ ሽንኩርት፣ ዝንጅብልና እርድ ያለ ምንም መዘዝ ደም እንደሚያቀጥኑም አንድ ባንድ አስረዳው። ደንበኛው ጋራዥ ነው የሚሠራው። ስለ ሞተር ዘይት መቅጠንና መወፈር ቢያወራ ያምርበት ነበር፤ ምን ያደርጋል፣ አፍ ካለ ሁሉም ሐኪም ነው።

ሚስማር ጎራሹ ማታውኑ የክኒኑን ብልቃጥ ሚስቱ ፊት አስቀመጠ።

«ከዛሬ ጀምሮ መርዝ አልውጥም። ጣይልኝ።»

«አንተ ሰውዬ፣ ልትገለኝ ነው?»

«እኔ ልዳን ነው፣ አንቺ ምን ሆነሽ ትሞቻለሽ?»

ለመነችው፣ አለቀሰች። እሱ እንደሆነ አንዴ እንቢ ካለ ተራራ ቢገፉት አይነቃነቅም። ሴትየዋ ግን ብልቃጡን አልጣለችም። በማግስቱ ጠዋት ክኒኑን በማንኪያ ጀርባ አድቅቃ ሻዩ ውስጥ ጨመረችው፤ ማር አበዛችበት። ፉት አለና ፊቱን አጨማደደ።

«ይሄ ማር ምነው መረረኝ?»

«የጫካ ማር ነው» አለችው፣ ዓይኑን ሳታይ።

ጠጣው። ቶሎ ብላ ኩባያውን አጠበችው። ከዚያ ወዲያ በየጠዋቱ እንዲሁ ሆነ። መዋሸቷን ታውቃለች፤ ግን ባል የሚያቆይ ውሸት ነው ብላ ራሷን አጽናናች። ነጭ ሽንኩርቱን ሲያኝክም እያየች አልከለከለችውም። ምግብ አይደል? ምግብ ማንን ገድሎ ያውቃል? ወደ ምርመራው ደግሞ እሱ ራሱ መሄዱን ተወው፤ ክኒን ላልዋጠ ሰው ምርመራ ምን ይሠራለታል? ስለዚህ ደሙ ምን ያህል እንደቀጠነ የሚያውቅ ሰው አልነበረም።

ታላቅ እህቱ እታለም ሶፋ ከሚያድስበት ሥራ ቤት አጠገብ ነው የምትኖረው። ወንድሟ ክኒን መተዉን ስትሰማ ደስታዋ ወሰን አጣ። ዝንጅብልና እርድ ወቅጣ፣ ጨምቃ፣ በጠርሙስ ሞልታ በየቀኑ ትወስድለት ጀመር። እሷ ሚስቱ የምታደርገውን አታውቅም፤ ሚስቱም ጠርሙሱ ምን ያህል ትልቅ እንደሆነ አታውቅም። ሁለቱም የሚወዱት አንድ ሰው ነው፣ ሁለቱም ወደዚያው ገደል እየገፉት ነው።

የእግሩ እብጠት ግን ጎደለለት፣ ትንፋሹም ተመለሰ። ሚስማር ጎራሹ አፉን ከፍቶ መስበክ ያዘ። ሶፋ ሊያሳድስ የመጣ ሁሉ የነጭ ሽንኩርት ትምህርት ሳይሰማ አይወጣም። «ሐኪም ያላወቀውን እርድ አወቀው!» ይላል። ሚስቱ አጠገቡ ቆማ ፈገግ ትላለች። አሁን ብትነግረው የሰው መሳቂያ ልታደርገው ነው። ዳግመኛም ከእጇ ውሃ አይቀበላትም።

ምልክቱ በትንሽ በትንሹ መጣ። መጀመሪያ ክርኑ ላይ ሰማያዊ ነገር ታየ። ቀጥሎ ጭኑ ላይ ቀለም የተደፋበት የሚመስል ትልቅ ጥቁረት ወጣ። «ከሶፋው ጋር ተጋጭቼ ነው» አላት። ጢሙን ሲላጭ ከቧጠጠው የወጣው ደም ፎጣውን አበላሽቶም ሊቆም አልቻለም። ደነገጠች፣ እሱ ግን ደስ አለው።

«አየሽ፣ ቀጥኗል! እየሠራ ነው!»

አንድ የእረፍት ቀን፣ መስኮቱ ሥር ተቀምጦ ነጭ ሽንኩርቱን ይልጣል። መሐረቡን አውጥቶ እንትፍ አለበት። ቀይ ነበር።

«ምንድን ነው እሱ?»

«ምን ይሆናል፣ የሚስማሩ ዝገት ነዋ። ዕድሜ ልኬን የኖርኩበት ጣዕም።»

እሺ ብላ ወደ ማድ ቤት ገባች። ሳህን አንስታ ማጠብ ስትጀምር እጇ ውሃው ውስጥ ደርቆ ቀረ። ዛሬ እኮ ሥራ ቤቱ ዝግ ነው። ከትናንት ጀምሮ አፉ ውስጥ አንድ ሚስማር እንኳ አልገባም።

ልትነግረው ወጣች። ከንፈሯን ስታላቅቅ በሩ ተንኳኳና እታለም ጠርሙሷን ታቅፋ ገባች። «እንዴት አደራችሁ! ዛሬማ ወፍራሙን ነው ያመጣሁለት» አለች። በእህቱ ፊት እንዴት ተብሎ ይወራል? ነገ እነግረዋለሁ አለች ሚስቱ በሆዷ። ሰው እኮ የሚጠፋው በዚችው ነገ ነው።

በማግስቱ ጠዋት ክኒኑን በእጇ ይዛ ብዙ ቆመች። ብትተወው ደሙ ይረጋል፣ ብትሰጠው ደግሞ ያ መሐረብ አለ። ማንን ትጠይቅ? ማንንም ብትጠይቅ ጉዷ ሊወጣ ነው። ካፈርኩ አይመልሰኝ ሆነና አደቀቀችው። እሱም እንደ ወትሮው ጠጥቶ፣ እያፏጨ ወጣ።

ከቀትር በፊት እታለም ደወለች። ሰውየው ሶፋ ሥር ገብቶ ሞላውን ሲያስር ቆይቶ ቀና ሲል አናቱን ከእንጨቱ ጋር አጋጭቷል። «ምንም አልሆነም፣ ሲስቅ ነበር፣ ትንሽ ራሱን አሞት ነው ጋደም ያለው» አለቻት። ሚስቱ ሮጣ ስትደርስ አስመልሶታል፤ ምላሱም መተሳሰር ጀምሯል። መኪና አስጠራች። የፈሩት ይደርሳል የሚባለውን እሷ ከሁሉም ቀድማ አውቃዋለች።

ሐኪም ቤት ያቺው ሐኪም አገኘቻቸው። በባትሪ ዓይኑን አየችና ፊቷ ተለወጠ።

«አባባ፣ የደም ማቅጠኛውን እየወሰዱ ነው?»

«ትቼዋለሁ... ልጄ» አለ፣ ቃላቱን እየጎተተ። «ከተውኩት ቆየሁ። በነጭ ሽንኩርት ነው የምኖረው።»

እታለም በኩራት ራሷን ነቀነቀች። ሐኪሟ ወደ ሁለቱ ሴቶች ዞረች። «ጭንቅላቱ ውስጥ እየደማ ይመስለኛል። ክኒኑን የሚወስድ ከሆነ ማርከሻውን አሁኑኑ እጀምራለሁ። የደሙን ውጤት እስክጠብቅ ጊዜ የለኝም። እርግጠኛ ናችሁ?»

«አልሰማሽም እንዴ? ትቷል እኮ!» አለች እታለም።

«አልተወም» አለች ሚስቱ።

ወደ ሐኪሟ ተጠጋች። «ዛሬ ጠዋትም ወስዷል። አንድም ቀን አላቋረጠም። እኔ ነኝ በሻዩ የማጠጣው።»

ሐኪሟ ነርሶቹን እየተጣራች ሮጠች። እታለም አፏን በነጠላዋ ያዘች። ቦርሳዋ ውስጥ ያለው ጠርሙስ አሁን ገና የከበዳት ይመስል ወንበር ላይ ዘፍ አለች።

ሚስማር ጎራሹ ራሱን ቀስ ብሎ ወደ ሚስቱ አዞረ። እንዲሰድባት ፈለገች። ቢሰድባት፣ ቢጮህባት፣ ከነልብሷ ቢያባርራት ደስታዋ ነበር። ከከንፈሩ ጥግ የወረደውን ደም በመሐረቡ ጠረገችለት። እየታገለ ተናገረ።

«ማሩ... መረረኝ ብዬሽ ነበር።»

«ይቅር በለኝ፣ ይቅር በለኝ የኔ ጌታ።»

«አውቄዋለሁ» አላት። «ከመጀመሪያው ቀን... ክኒኑ እንደሆነ አውቄዋለሁ። ስታለቅሺ ከማይ ብዬ... ጠጣሁልሽ። ለሐኪሟም... ደበቅኩልሽ።»

ጥርሱ ቀልቶ ፈገግ አለ። አልጋውን ገፍተው ወሰዱት፣ በሩም ተዘጋ። ሴትየዋ ባለችበት ቆማ ቀረች። ልትነግረው የፈራችውን ሁሉ እሱ ዝም ብሎ በየጠዋቱ ሲውጠው ኖሯል፤ በላዩ ላይ ደግሞ ያን ሁሉ ነጭ ሽንኩርት፣ ያን ሁሉ ጠርሙስ። ሁለቱ አንድ ቀን እንኳ ተያይተው ቢያወሩ ኖሮ!

ብዙ ከቆየች በኋላ በጭብጧ የያዘችውን መሐረብ ገለጠችው። ደሙ ገና አልረጋም።